ፊደል ያልቆጠረው ሻምፒዮን ውድ ፊርማ

ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ ጨረታ ቤት በፌብሩዋሪ 2014 አንድ ጥንድ አሮጌ የቦክስ ጓንት በ836,500 ዶላር ሸጠ። ልክ በዓመቱ ከሌላ ግጥሚያ የተረፉ ጓንቶችን ለጨረታ አቀረበ፤ እነሱ 956,000 ዶላር ተከፈለባቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ግጥሚያ ያሸነፈው መሐመድ አሊ ነው። ሁለቱንም የተሸነፈው ሶኒ ሊስተን ይባላል።

ስለ አሊ ያልተባለ ነገር የለም። እኛ ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው በሌላኛው ጥግ የተቀመጠውን ሰው ታሪክ ነው። ለምን እሱን? የቦክስ ቅርሶችን እየሰበሰቡ በጨረታ በሚገዙና በሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የሊስተን ፊርማ ከብርቅዬዎቹ አንዱ ነው፤ እሱ የፈረመበት አንድ ፎቶ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ሰውዬው ግን ከስሙ በቀር የሚጽፈውም የሚያነበውም ነገር አልነበረም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቻርልስ ሊስተን (ሶኒ ቅጽል ስሙ ነው) መቼ እንደተወለደ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ራሱንም ጨምሮ። የተወለደው አርካንሳስ ግዛት፣ ጥጥ እርሻ ውስጥ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። በ1940 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 10 ዓመቱ ነው ብሎ መዘገበው። እሱ በኋላ ሲጠየቅ 1932 ይላል። ጋዜጠኞች ደሞ ፊቱን እያዩ ዕድሜውን ሽቅብ ይሰቅሉበት ነበር።

አባቱ ቶብ ሊስተን የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ከሁለት ሴቶች 25 ልጆች ወልዷል ይባላል። በዚያ ቤት ልጅ ማለት ለእርሻ የሚሆን እጅ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይታሰብም። አባትየው ይገርፈው ነበር፤ የግርፋቱ ጠባሳ ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ ጀርባው ላይ ይታይ ነበር።

እናቱ ሄለን ሥራ ፍለጋ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ስትሄድ ልጁ እዚያው ቀረ። እሱ በኋላ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን ሌሊት ተነስቶ ከእህቱ ባል ዛፍ ላይ ለውዝ መሳይ ፍሬ አራግፎ ሸጠና በገንዘቡ ተሳፍሮ እናቱን ፍለጋ ሄደ። ያኔ ገና የ13 ዓመት ልጅ አካባቢ ነበር። ከተማ ገብቶ ትምህርት ቤት ሞከረ፤ ያ ግዙፍ ልጅ ሀሁ ከሚቆጥሩ ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ሳቁበት። ተወው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አይከብድም። መንገድ ላይ ሰው መዝረፍ፣ ሱቅ መዝረፍ። ሁሌ አንድ ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ ስለሚሰርቅ ፖሊስ በሸሚዙ ነበር የሚያውቀው። በ1950 አምስት ዓመት ተፈርዶበት ጄፈርሰን ሲቲ ወደሚገኘው የሚዙሪ ወህኒ ቤት ወረደ። ስለ እስር ቤቱ ሲያማርር የሰማው የለም፤ በቀን ሦስቴ ይበላ ነበራ።

ቦክስ ያስጀመሩት የእስር ቤቱ ካህን አባ አሎይስ ስቲቨንስ ናቸው። ልጁን የሚችለው እስረኛ ሲጠፋ ከውጭ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ አስመጡለት፤ ያም ሰው ሁለት ዙር እንኳን መጨረስ አቃተው። ሊስተን በኦክቶበር 1952 በአመክሮ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የ1952ቱን የኦሊምፒክ የከባድ ሚዛን አሸናፊ ኤድ ሳንደርስን በአማተር ውድድር ረታው። ሴፕቴምበር 1953 ላይ ፕሮፌሽናል ሆነ። የመጀመሪያ ተጋጣሚውን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው።

አካሉን አስቡት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነው፤ ለከባድ ሚዛን እምብዛም አይደለም። እጁን ሲዘረጋ ግን 2 ሜትር ከ13 ይደርሳል። የቡጢው ዙሪያ 38 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ጓንቱ በልኩ ነበር የሚሠራለት።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። እኛ አገር ፊደል ያልቆጠረ ሰው ውል ሲዋዋል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ሊስተን ስሙን መጻፍ ለምዶ ነበርና ይፈርማል። ግን ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመበትን የሚያውቀው ሌላው በነገረው ልክ ብቻ ነው። ለሊስተን የሚነግሩት እነማን ነበሩ? ሴንት ሉዊስ ውስጥ ጆን ቪታሌ የተባለ የማፍያ አለቃ፤ ቀጥሎ የአሜሪካን ቦክስ ከጀርባ ሆነው ያሽከረክሩ የነበሩት ፍራንኪ ካርቦና ብሊንኪ ፓለርሞ። ወረቀት ላይ ሌላ ማናጀር አለ፤ ድርሻው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በጓዳ ነው። በዲሴምበር 1960 ሊስተን የአሜሪካ ሴኔት ስለ ቦክስና ስለ ወንጀለኞች ምርመራ ሲያደርግ ተጠርቶ ቀረበ፤ ማንበብና መጻፍ አለመቻሉም እዚያው በይፋ ወጣ። ካርቦና ፓለርሞ በ1961 በሌላ ጉዳይ ተፈርዶባቸው ረጅም እስር ገቡ።

እሱም ንጹሕ ነበር አንልም። በ1956 ከአንድ ፖሊስ ጋር ተጣልቶ እግሩን ሰብሮ ሽጉጡን ቀማው፤ ዘጠኝ ወር ተፈርዶበት ስድስቱን ታሰረ፤ ከቦክስም ታገደ።

የሻምፒዮናው ዕድል ሲቀርብ ግማሽ አሜሪካ ሊስተንን አልፈለገውም። የጥቁሮች መብት ድርጅት የሆነው ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ሳይቀር የእስር ቤት ታሪክ ያለው ሻምፒዮን ትግላችንን ያበላሻል ብሎ ሰጋ። ሻምፒዮኑ ፍሎይድ ፓተርሰን ግን ግጥሚያውን ተቀበለ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1962 ቺካጎ ላይ ነገሩ በ2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አለቀ። ፓተርሰን ተዘረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እኛን ከግጥሚያው በላይ ያሳዝነናል። ሊስተን ያኔ የሚኖረው ፊላደልፊያ ነበር። አውሮፕላን ላይ ሆኖ ለሚቀበለው ሕዝብ የሚናገረውን ሲለማመድ መጣ፤ ከእንግዲህ ጥሩ ሰው እሆናለሁ የሚል ሐሳብ ነበረው። በሩ ሲከፈት ሕዝብ የለም። ጥቂት ጋዜጠኞችና የኤርፖርት ሠራተኞች ብቻ ቆመዋል። የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በመልስ ግጥሚያው ጁላይ 1963 ላስ ቬጋስ ላይ ፓተርሰንን አሁንም በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ኤስኳየር መጽሔት የገና አባት ቆብ አልብሶ ሽፋኑ ላይ አወጣው፤ ብዙ አነጋገረ።

ቀጥሎ ካሲየስ ክሌይ መጣ። ስሙ ገና መሐመድ አሊ አልሆነም፤ ዕድሜው 22። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 ማያሚ ቢች ላይ ሲገናኙ አቋማሪዎች ለሊስተን 7 ለ 1 ሰጥተውታል። አራተኛው ዙር ሲያልቅ የክሌይ ዓይን ማቃጠል ጀመረ። ከሊስተን ጓንት ወይም ትከሻ ላይ አንዳች ቅባት ነክቶታል ተባለ። ክሌይ ማየት ሲያቅተው ጓንቴን ቁረጡልኝ፣ በቃኝ አለ። አሰልጣኙ አንጄሎ ደንዲ እምቢ ብሎ ዓይኑን አጠበና ገፍትሮ ወደ ሪንጉ መለሰው። ከሁለት ዙር በኋላ ሊስተን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ትከሻዬ ተጎድቷል ብሎ ለሰባተኛው ዙር አልተነሳም። 836,500 ዶላር ያወጡት ጓንቶች እንግዲህ እነዚያ ናቸው፤ ክሌይ ቁረጡልኝ ያለባቸው። ደንዲ ቢሰማው ኖሮ የሚሸጥ ነገር አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው ግጥሚያ ሜይ 25 ቀን 1965 ሉዊስተን በምትባል ትንሽ የሜይን ግዛት ከተማ ተደረገ። ትልልቆቹ ከተሞች ስላልፈለጉት እዚያ ተወረወረ፤ ትኬት ገዝቶ የገባው 2,434 ሰው ነው። በመጀመሪያው ዙር አሊ አጭር ቀኝ ሰነዘረ፣ ሊስተን ወደቀ። ብዙዎች ቡጢው ሲያርፍ አላየንም አሉ። አውቆ ወደቀ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልሞተም። እኛ ፊልሙን ደጋግመን አይተነዋል፤ ቡጢው አርፏል። ያን የሚያህል ሰው ለመጣል ይበቃል ወይ ብትሉን ግን መልስ የለንም።

ያኔ ሪንጉ ዳር የነበረው ፎቶ አንሺ ኒል ላይፈር አሊ ከወደቀው ሊስተን በላይ ቆሞ ሲጮህበት አነሳው። ፎቶውን ታውቁታላችሁ፤ ጂምና ካፌ ውስጥ፣ ቲሸርት ላይ፣ የሰው ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። አሊም በሕይወት ዘመኑ በዚህ ፎቶ ቅጂዎች ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ጊዜ ፈርሟል። እስቲ አስቡት፦ ሊስተን ካለባቸው የተፈረሙ ፎቶዎች ሁሉ በብዛት የሚሸጠው ሊስተን ያልፈረመበት ነው። እሱ በጀርባው ተዘርግቶ፣ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት።

የገበያው ሒሳብ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሊ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈርም ኖሯል፤ ለአድናቂም፣ ለንግድም። ስለዚህ የአሊ ፊርማ ብዙ ነው፣ ተራው በመቶዎች ዶላር ይገኛል። ሊስተን ሻምፒዮን የነበረው 17 ወር ብቻ ነው። መጻፍ ስለሚከብደውና ስለሚያሳፍረው ከፊርማ ይሸሽ ነበር። የአድናቂ ፊርማ ገበያ ትልቅ ንግድ ሳይሆን በፊት ሞተ። ትንሽ ዕቃ፣ ብዙ ፈላጊ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። የሁለቱም እውነተኛ ፊርማ አንድ ላይ ያለበት ዕቃ ማግኘትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል።

ዋጋ ያለበት ቦታ ፎርጅድ አይጠፋም። ኤፍ ቢ አይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳንዲያጎ ላይ ኦፕሬሽን ቡልፔን በሚል ስም የታዋቂ ስፖርተኞችን ፊርማ የሚያመርት ቡድን ተከታትሎ በ1999 ወረራ አደረገ። ሰዎቹ ፊርማውን ብቻ ሳይሆን የእውነተኛነት ሰርተፍኬቱንም አብረው ያዘጋጁ ነበር። ሰርተፍኬት ስላለው እውነተኛ ነው ለሚል ሰው ይሄ ይበቃዋል ብለን እናስባለን።

የሊስተን ፊርማ ሲመረመር ደሞ ሌላ ጣጣ አለ። በተለምዶ ሐሰተኛ ፊርማ የሚታወቀው ቀስ ተብሎ ስለሚሳል ነው፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይቆማል ይሄዳል። እውነተኛው በፍጥነት ይፈሳል። የሊስተን እውነተኛ ፊርማ ግን ራሱ ቀስ ተብሎ፣ በድካም የተጻፈ ነው። ስለዚህ መርማሪዎች ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ ይጠይቃሉ፤ በምስክር ፊት ከተፈረሙ ውሎችና የቦክስ ፈቃዶች ጋር ያስተያያሉ፤ ፎቶው የታተመበትን ወረቀት ያያሉ። ሰውዬው ከሞተ በኋላ በታተመ ወረቀት ላይ ሊፈርም አይችልማ።

በጣም የሚያስቸግራቸው ግን ፎርጅዱ አይደለም፤ ሚስቱ ጄራልዲን ነች። ፊርማ ፈልገው ለሚመጡ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ እሷ ስሙን ትጽፍለት ነበር። ጽሑፏ ከሱ ይልቅ ያምራል፣ ፊደሎቹ ተስተካክለው ይቀመጣሉ። ለሰብሳቢ ይሄ መጥፎ ምልክት ነው፦ ሶኒ ሊስተን የሚለው ስም ቆንጆ ሆኖ ከተጻፈ ምናልባት ሶኒ ሊስተን አልጻፈውም።

ከአሊ በኋላ ሊስተን ቀስ እያለ ተመለሰ፣ በተከታታይም አሸነፈ። በ1967 ቢትልሶች ባወጡት የሳጅን ፔፐር አልበም ሽፋን ላይ ከታዋቂዎቹ ጋር የሰም ምስሉ ቆሟል። ዲሴምበር 1969 ላይ ግን ሊዮቲስ ማርቲን ዘረረው። የመጨረሻ ግጥሚያው ጁን 1970 ከቻክ ዌፕነር ጋር ነበር፤ ሊስተን የዌፕነርን ፊት በደርዘን በሚቆጠር ስፌት እስኪጠገን ድረስ ቆራርጦ አሸነፈ። ያ ዌፕነር ለሮኪ ፊልም መነሻ የሆነው ሰው ነው።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1971 ጄራልዲን ለበዓል ከሄደችበት ሴንት ሉዊስ ወደ ላስ ቬጋስ ስትመለስ ባሏን ቤት ውስጥ ሞቶ አገኘችው። ቀናት አልፈውት ነበር፤ የሞተበት ቀን ዲሴምበር 30 ተብሎ ተመዘገበ። ፖሊስ ቤቱ ውስጥ ሄሮይን አገኘ፤ የሞቱ ምክንያት ግን የሳንባና የልብ ችግር ተብሎ ነው የተጻፈው። ተገደለ የሚሉ እስከ ዛሬ አሉ፤ ያረጋገጠ የለም። የተቀበረው ላስ ቬጋስ ነው። የመቃብር ድንጋዩ ላይ የልደቱ ዓመት 1932 ተብሎ ተቀርጿል፤ ያ ማንም ያላረጋገጠው ዓመት።

አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ጨረታ ላይ ሁለት ፎቶ ቀርቧል እንበል። በአንዱ ላይ እሱ ራሱ ተጨንቆ ተጠቦ ስሙን ጽፎበታል፤ በሌላው ላይ ጄራልዲን ከጎኑ ተቀምጣ ጽፋለታለች። የሷ በጣም ይረክሳል። የትኛውን ትገዛላችሁ?