ኢብን ሲና፦ ስለ ልብ መድኃኒት የጻፉት ሐኪም

በዱባይ የጤና ከተማ ከሚገኙት ሕንጻዎች አንዱ በታላቁ ሙስሊም ሐኪም በኢብን ሲና ስም ይጠራል። የእኚህ ሊቅ ሕይወትና አሟሟት ለሕመምተኛ መድኃኒት ለሚሰጥ ሰው ሁሉ ትምህርት ይሰጣል።

አቡ ዓሊ አል ሑሰይን ኢብን ሲና እ.ኤ.አ. በ980 ገደማ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር፣ በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኘው በአፍሻና መንደር ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ። በ16 ዓመታቸው ሕመምተኞችን ያክሙ ነበር። የሳማኒዎችን አሚር ኑሕ ኢብን መንሱርን ለማከም ከተጠሩ በኋላም የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው።

ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወሩ ኖረው ሐመዳን እንደገቡ፣ ስለ ልብ መድኃኒቶች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፉ። በዚህ መጽሐፍ ደስታና ሐዘን ከልብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት አስረድተው፣ ዛፍራንን፣ ሚስክንና ዓንበርን የመሰሉ መድኃኒቶችን ተራ በተራ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1025 ገደማ በፈጸሙት አል ቃኑን በተባለው ባለ 5 ክፍል መጽሐፋቸው ደግሞ የመድኃኒት መፈተኛ ደንቦችን አስቀመጡ። የመድኃኒቱ ኃይል ከሕመሙ ኃይል ጋር ይመጣጠን፣ መሥራት የሚጀምርበት ጊዜ ይታይ፣ ውጤቱ በተደጋጋሚ ይረጋገጥ፣ ፈተናውም በእንስሳ ብቻ ሳይወሰን በሰው ላይ ይታይ የሚሉት ከደንቦቹ መካከል ናቸው።

በሐመዳን እስከ ወዚርነት ደረሱ፤ በኋላም ለ4 ወራት ያህል ታሰሩ። በእስር ቤት ሳሉ ስለ ብርቱ የሆድ ቁርጠት መጽሐፍ ጻፉ። በመጨረሻ ዘመናቸው እርሳቸውንም ያጠቃቸው ይኸው ሕመም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አል ጁዝጃኒ እንደዘገበው፣ ሆዳቸውን በሚያጥበው መድኃኒት ውስጥ 2 ዳኒቅ የሴለሪ ዘር እንዲጨመር አዘዙ። የሚያክማቸው ሰው ግን 5 ድርሀም ጨመረ። አንድ ድርሀም 6 ዳኒቅ ስለሆነ፣ የተጨመረው ከታዘዘው 15 እጥፍ ነበር። የአንጀታቸው ቁስል ባሰ። ሌላ ጊዜም ከአገልጋዮቻቸው አንዱ በመድኃኒታቸው ላይ ብዙ ኦፒየም ጨመረ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው ሕክምናውን ተዉ። ገንዘባቸውን ለድሆች ሰጡ፤ ባሪያዎቻቸውን ነጻ አወጡ፤ በየ3 ቀኑም ቁርኣንን ያኸትሙ ነበር። በ428 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1037፣ በረመዷን ወር ሐመዳን ላይ አረፉ። መቃብራቸውም በዚያው ከተማ ይገኛል።

ያ የመጠን ስሕተት ዛሬም የነርሶች ሥጋት ነው። በዱባይ፣ በሻርጃም ሆነ በአጅማን ለሕመምተኛ መድኃኒት የሚሰጥ ነርስ ትክክለኛውን ሰው፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ ሰዓትና የአሰጣጥ መንገድ ማረጋገጥ አለበት። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ ነርሷ ከመስጠቷ በፊት የልብ ምቱን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ በአዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነም መድኃኒቱን ሳትሰጥ ሐኪሙን ትጠይቃለች። እንደ አቴኖሎል ያለውን የደም ግፊት መድኃኒትም በድንገት ማቋረጥ ልብን ይጎዳል። በቤት ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ወገኖችም በረመዷን የኪኒኑን ሰዓት ወይም መጠን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።