ጄሲ ሊቨርሞርና የመቶ ዶላር ደረጃ

በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ስሙ ገንኖ የነበረው ጄሲ ሊቨርሞር በ1877 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በእርሻው ሊያስቀረው ቢፈልግም፥ እርሱ ገና በ14 ዓመቱ ወደ ቦስተን ሄዶ በአንድ የደላላ ቤት ተቀጠረ። ሥራውም ቴሌግራፍ የሚያመጣውን ዋጋ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበረ። ልጁ ግን ጽፎ ዝም አላለም፤ ዋጋው ከመውጣቱና ከመውረዱ በፊት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በደብተሩ ይመዘግብ ጀመር።

ከዚያም ተበድሮ አስቀድሞ በመሸጥና ዋጋው ሲወድቅ በርካሽ ገዝቶ በመመለስ፥ በ1907 ዓ.ም. በደረሰው የገንዘብ ድንጋጤ ከሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ዓመት የራሱን መዝገብ ትቶ የሌላ ሰው ምክር በመስማቱ በጥጥ ንግድ አጠፋው፤ በ1915 ዓ.ም. ከነዕዳው ከሰረ።

ትዕግሥቱ የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። ኤድዊን ሌፌቭር ስሙን ለውጦ በ1923 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተተረከው፥ የተፈቀደለት ብድር 500 አክሲዮን ብቻ ስለ ነበረ፥ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ሁለተኛ ዕድል አልነበረውም። በጦርነቱ ምክንያት የቤተልሔም ብረት ኩባንያ አክሲዮን በየቀኑ ይወጣ ነበር። ሊቨርሞር መውጣቱን እያየ ስድስት ሳምንት አልገዛም። ለመጀመሪያ ጊዜ መቶን የሚያልፍ አክሲዮን እዚያው እንደማይቆም ከልምዱ ያውቅ ነበርና ያንን ደረጃ ጠበቀ። 98 ሲደርስ ገዛ፤ ትርፉ እንደ ታየም ሌላ 500 ጨመረ። በማግሥቱ ዋጋው 145 ሆነ። እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ከመግዛቱ ይልቅ ስድስቱን ሳምንት መታገሡ ሳይከብድ አልቀረም።

በ1929 ዓ.ም. ገበያው ሲወድቅ አንድ መቶ ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳተረፈ ይነገራል። ነገር ግን በ1934 ዓ.ም. እንደ ገና ከሰረ።

በ1940 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዋጋው የሚወሰንበትን ደረጃ እስኪያልፍ መጠበቅን፥ የመጀመሪያው ግዢ ትርፍ ሳያሳይም አለመጨመርን አስተማረ። የሚያስገርመው፥ ዛሬ ነጋዴዎች የእርሱን ዘዴ በሥዕል መስመር ላይ ሲከተሉ፥ እርሱ ራሱ ሥዕሉን ግራ የሚያጋባ ነው ብሎ ቍጥሩን በጥቁርና በቀይ ቀለም፥ በእርሳስም መጻፍን ይመርጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 28 ቀን በኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ በገዛ እጁ ሞተ፤ ዕድሜውም 63 ነበረ።