ጀምስ ክላርክ ማክስዌልና የቀለም መስፈሪያ

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ጀምስ ክላርክ ማክስዌልን የሚያውቀው የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ በአንድነት ባሰሩት እኩልታዎቹ ነው። በዛሬው ገጻችን የምናወሳው ግን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማይደርሱበትን ሌላውን ሥራውን ነው። አንድ ቪዲዮ ቀለሙ በባለሙያ ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ከአንድ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ ሲገለበጥ፥ ቀዩ ቀይ፥ የሰውም ፊት የሰው ፊት ሆኖ እንዲቀር የሚደረገው ሒሳብ መሠረቱ ይህ ሰው ያዞረው የወረቀት እሽክርክሪት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ማክስዌል በስኮትላንድ፥ በኤዲንበርግ ከተማ፥ ጁን 13 ቀን 1831 ተወለደ። የልጅነቱን ጊዜ ያሳለፈው ግሌንሌር በተባለው የአባቱ ርስት ላይ ነው። 8 ዓመት ሲሆነው እናቱ በካንሰር ሞተችበት። በ10 ዓመቱ ኤዲንበርግ አካዳሚ ሲገባ፥ የባላገር አነጋገሩን የሰሙና አባቱ ያሠራለትን እንግዳ ልብስና ጫማ ያዩ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ልብሱን ቀዳደው ሰደዱት፤ ጅል የሚል ቅጽል ስምም አወጡለት። ገና 14 ዓመቱ ሳለ ግን ይኸው ጅል የተባለው ልጅ ስለ እንቁላል ቅርጽ መስመሮች የጻፈው ጥናት በኤዲንበርግ ንጉሣዊ ማኅበር ፊት ተነበበ። ያነበበለት ፕሮፌሰር ጀምስ ፎርብስ ነው፤ ልጁ በዚያ ጉባኤ ቆሞ ለመናገር ዕድሜው አልፈቀደለትም።

ፎርብስ ኋላ በዩኒቨርስቲ መምህሩ ሆነ፤ በቀለም ነገር ላይ ዓይኑን የከፈተለትም እሱ ነው። ፎርብስ በ1849 ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት በእሽክርክሪት ላይ አድርጎ በፍጥነት ቢያዞር፥ ሠዓሊ ሁሉ እንደሚጠብቀው አረንጓዴ አልሆነም። ማክስዌል ምክንያቱን ገለጠው። ሠዓሊ ሁለት ቀለም ሲበጠብጥ እያንዳንዱ ከብርሃኑ የየራሱን ድርሻ ይውጣል፥ ከሁለቱም የሚተርፈው አረንጓዴው ነው፤ በእሽክርክሪት ላይ ግን አንዱ ብርሃን በሌላው ላይ ይደመራል እንጂ አይቀነስም።

በ1854 ከካምብሪጅ ከተመረቀ በኋላ በዚሁ ነገር በረታ። ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ክብ ወረቀቶችን እስከ መካከላቸው ድረስ ሰንጥቆ፥ አንዱን በሌላው ውስጥ እያስገባ፥ እያንዳንዱ የተፈለገውን ያህል ብቻ እንዲታይ አደረገ። ሊለካው የፈለገውን ቀለም በትንሽ ክብ ወረቀት በመካከል አኖረው፤ ጠርዙንም 100 ቦታ ከፈለው። ከዚያ በኋላ ያዞረዋል፤ የውስጡና የውጪው ቀለም በዓይን እስኪመሳሰሉ ድረስ ድርሻቸውን ያስተካክላል፤ በተመሳሰሉም ጊዜ ቁጥሩን ከጠርዙ ላይ ያነባል። ቀለም በሦስት ቁጥር ተጻፈ ማለት ነው። አንዳንዱን ደማቅ ቀለም ግን ሦስቱ ምንም ቢደባለቁ ሊያስገኙት አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ወደ ውስጠኛው ክብ ያዛውረዋል፤ በሒሳቡም ላይ ያ ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆናል። አንባቢያችን ይህን ቁጥር አይርሳው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን እህል በቁና ሲሰፈር የቁናው ልክ በየአውራጃው ይለያይ ነበር። አንዱ ነጋዴ አምስት ቁና ጤፍ ሰጠሁህ ቢል፥ የየት አገር ቁና ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የቀለምም ቁጥር እንደዚሁ ነው። ይህን ያህል ቀይ፥ ይህን ያህል አረንጓዴ፥ ይህን ያህል ሰማያዊ ማለት፥ የትኛው ቀይ፥ የትኛው አረንጓዴና የትኛው ሰማያዊ እንደ ሆነ ካልተነገረ ከንቱ ነው። ከተነገረ ግን ከአንዱ መስፈሪያ ወደ ሌላው መገልበጥ ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፥ ቀለሙ ግን ያው ነው። ፋይል የሚገለብጡ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ቁጥሩን ሳይነኩ ካሻገሩት ቀለሙን የጠበቁ እየመሰላቸው ነው።

ማክስዌል በ1856 በአበርዲን ማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1858 የኮሌጁን አስተዳዳሪ ልጅ ካተሪን ዲዋርን አገባ። በ1860 ኮሌጁ ከሌላው ጋር ሲዋሐድ ሥራውን አጣ፤ የአስተዳዳሪ አማች መሆኑም አላዳነውም። ከዚያ ለንደን ወደሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሄደ። በለንደን ቤቱ ብርሃንን በፕሪዝም የሚከፋፍል ረዥም ጥቁር ሣጥን አቁሞ ስለ ነበር፥ ጎረቤቶቹ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሲመለከት የሚውል እብድ ነው ብለውት ነበር ይባላል። ካተሪንም አብራው ትመለከት ነበርና መዝገቡ የሁለቱንም ዓይን ቁጥር ለየብቻ ይዟል። በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ባለው ቀለም ላይ ባልና ሚስቱ አልተስማሙም። ማክስዌል ይህን የሚስቴ ስሕተት ነው ብሎ አላለፈውም፤ ልዩነቱ በዓይን ውስጥ ካለው ቢጫ ነጥብ ጋር የተያያዘ መሆኑን መርምሮ ጻፈ።

ሜይ 17 ቀን 1861 በለንደን ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ጉባኤ ፊት ቀረበ። ቶማስ ሳተን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ አንድ ባለ ብዙ ቀለም የስኮትላንድ ሪባን በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፈሳሽ በኩል እያንዳንዱን ለየብቻ አንስቶለት ነበር። ሦስቱ ሥዕሎች ራሳቸው ቀለም የላቸውም፤ ነገር ግን በሦስት የፕሮጀክተር ፋኖስ በየፈሳሻቸው በኩል ወደ አንድ መጋረጃ ሲጣሉ ሪባኑ በቀለሙ ታየ።

ነገሩ የሚገርመው በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ መስተዋት ለቀይ ብርሃን ዕውር መሆኑ ነው። ታዲያ ቀዩ እንዴት ታየ? መልሱ የተገኘው ከ100 ዓመት በኋላ፥ በ1961 ነው። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ ራልፍ ኤቫንስና ባልደረቦቹ ሲመረምሩት፥ ቀዩ ፈሳሽ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፍ እንደ ነበረ፥ የሪባኑም ቀይ ይህንኑ ጨረር ሊያንጸባርቅ እንደሚችል አገኙ። መስተዋቱ የያዘው ቀዩን አልነበረም፤ ሌላ ጨረር በቀዩ ቦታ ላይ ተገኝቶ ነው። ማክስዌልም ቢሆን ሥዕሉ ፍጹም ነው አላለም፤ ለቀይና ለአረንጓዴ የበለጠ የሚሠራ መስተዋት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተናግሯል። ጭብጨባ ባለበት አዳራሽ እንዲህ ማለት ለማንም ቀላል አይደለም።

ባልና ሚስቱ የተለያዩበትን ነገር ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 በስምምነት ቆረጠው፤ ራይትና ጊልድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከለኩት ከ17 ሰዎች ዓይን አንድ መደበኛ ዓይን ወሰነ። ዛሬ የቪዲዮ ደረጃዎች ቀያቸው የትኛው ቀይ እንደ ሆነ የሚናገሩት በዚያ ሠንጠረዥ ነው። በ1982 ለተራው ቴሌቪዥን፥ በ1990 ጥራቱ ከፍ ላለው፥ በ2012 ደግሞ እጅግ ለሰፋ ቀለም ደረጃ ወጥቷል፤ እያንዳንዱም የራሱ ስሌት አለው። ፋይሉ በየትኛው እንደ ተሰፈረ የሚናገር አጭር ምልክት ይይዛል። በግልበጣው ጊዜ ምልክቱ የጠፋ እንደ ሆነ የሚያሳየው መሣሪያ በግምት ይሠራል። የ1990ውን በ1982ው ስሌት ቢፈታው ቀዩና አረንጓዴው ይዛባል። ጥቁሩ በ16፥ ነጩ በ235 የተጻፈውን ፋይል ጥቁሩ 0፥ ነጩ 255 ነው ብሎ ቢያነበው ጥቁሩ አመድማ ይሆናል፥ ነጩም ይደበዝዛል። ከሰፊው ደረጃ ወደ ጠባቡ ሲወረድ ደግሞ ያ ከዜሮ በታች የሆነው የማክስዌል ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ዜሮ ላይ ከቆረጠው የቀይ አበባ ቅጠሎች ተዋሕደው አንድ ቀይ ጠብታ መስለው ይቀራሉ። የቀለም አስተካካዩ የብዙ ቀን ድካም በዚህ ይጠፋል፤ ዋናውን ያላየ ተመልካችም የጠፋ ነገር መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ምልክቱን ራሱ ይጽፋል፤ በ256 ደረጃ ፈንታ ቢያንስ በ1024 ይገለብጣል፤ በፊልሙ ራስጌ ላይ ልካቸው የታወቀ የቀለም መስመሮች አኑሮ ቁጥራቸውን ከግልበጣው በፊትና በኋላ ያነጻጽራል።

ማክስዌል በ1871 በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆነ። ኖቬምበር 5 ቀን 1879፥ ገና በ48 ዓመቱ፥ እናቱን በገደለው በሽታ ሞተ፤ በግሌንሌር አጠገብ በፓርተን ተቀበረ። የሪባኑ መስተዋቶች ኋላ በኤዲንበርግ፥ በኢንዲያ ጎዳና፥ በተወለደበት ቤት ውስጥ ተቀመጡ።