ጎትሊብ ሐበርላንትና የዕፅዋት ሴል ብዜት

ከአንድ ተክል ብዙ ተክሎችን የማግኘት ጥበብ ከእርሻ ሥራ ጋር አብሮ የኖረ ነው። የአገራችን የእንሰት ገበሬ አሚቾውን ከአፈር አውጥቶ፣ በመሐሉ ያለውን የእድገት ቡቃያ ጎርጉዶ ካስወገደ በኋላ መልሶ ሲቀብረው፣ ከአንዱ አሚቾ በርካታ ችግኞች ይበቅሉለታል። ወይንና ጽጌረዳ ከቅርንጫፍ ቁራጭ፣ ድንችም ከዓይኑ ይራባል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ለተከላ የሚቆረጠው አካል እጅግ ብዙ ሴሎችን የያዘ ነው። ይህ አካል እያነሰ ሄዶ አንዲት ሴል ብቻ ብትቀር፣ ከእርሷ ሙሉ ተክል ይገኛልን? ይህን ጥያቄ ነጠላ ሴሎችን ለይቶ በማሳደግ ለመመርመር የተነሣው ቀዳሚ ሰው ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሐበርላንት ነበር።

ሐበርላንት እ.ኤ.አ. በ1854 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሀንጋሪ ምድር ኡንጋሪሽ አልተንቡርግ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የእርሻ ሳይንስ መምህር ሲሆን፣ አኩሪ አተርን በአውሮፓ ለማስለመድ በመጣሩ ይታወቃል። ልጁ በ1876 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ካገኘ በኋላ፣ ከሲሞን ሽቬንደነር ለመማር ወደ ቱቢንገን ሄደ።

ሽቬንደነር ተክልን በመሐንዲስ ዓይን የተመለከተ ሊቅ ነበር። በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተክል ግንድ ውስጥ ያሉት ጠንካራ ጭረቶች እንደ ድልድይ ተሸካሚ ብረት የመጉበጥ ኃይል በሚበረታበት በውጭው ጠርዝ እንደሚደረደሩ አሳየ። ሐበርላንት ይህን አስተሳሰብ ከግንድ ጥንካሬ አልፎ ወደ ተክሉ አካል ሁሉ አስፋፋው። በ1884 የወጣው ታላቅ ሥራው የተክልን ውስጣዊ አካል በቅርጹ ብቻ ሳይሆን በተግባሩ ከፋፍሎ የሚያስረዳ ነው፤ የሚሸፍነው፣ የሚደግፈው፣ የሚያስተላልፈው፣ ምግብ የሚያዘጋጀውና የሚያከማቸው ክፍል እያንዳንዱ በየተራው ተተነተነ። በአንዳንድ ቅጠሎች ሥሮች ዙሪያ እንደ አክሊል የተደረደሩትን ሴሎችም መርምሮ ጻፈ። የእነዚህ ሴሎች ጥቅም በሚገባ የታወቀው ግን በ1960ዎቹ፣ ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት ልዩ መንገድ ሲገለጽ ነው።

እያንዳንዱ ሴል የራሱ ተግባር ካለው፣ ከማኅበሩ ቢነጠልስ ምን ይሆናል? ሐበርላንት በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ ከቅጠል የተለዩ ሴሎችን የማዕድን ጨዎችና ስኳር ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ አኖረ። ሴሎቹ አልሞቱም። ለሳምንታት ቆዩ፣ በመጠን አደጉ፣ ስታርችም ሠሩ፤ ነገር ግን አንዱም እንኳ ለሁለት አልተከፈለም። ሳይከፈሉ ብዜት የለምና ዋናው ዓላማ ሳይሳካ ቀረ።

የሐበርላንት ታላቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ1902 ባወጣው ጽሑፍ ያየውንም ያላየውንም ዘረዘረ። ከዚያም አልፎ፣ ሴልን ለመከፈል የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር ሊኖር እንደሚችል በመገመት፣ ከፅንስ ከረጢት የሚገኝ ፈሳሽ ቢጨመር ምን እንደሚሆን እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ፤ ከተራ የአካል ሴል ፅንስን የመሰለ ነገር ማብቀል አንድ ቀን እንደሚቻልም ተነበየ። ዛሬ እንደምናውቀው፣ የመረጣቸው ሴሎች እድገታቸውን የጨረሱ ስለነበሩ ለመከፈል አስቸጋሪ ነበሩ፤ የእድገት ሆርሞኖችም ገና አልታወቁም ነበር።

እርሱ ግን ጥያቄውን አልተወም። በ1910 ሽቬንደነርን ተክቶ በርሊን ከገባ በኋላ፣ ትንንሽ የድንች ቁራጮች የሚከፈሉት ምግብ አስተላላፊው ክፍል አብሯቸው ሲኖር መሆኑን ተመለከተ። ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽም መከፈልን እንደሚያነሣሣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አስረዳ። በ1923 ጡረታ ወጣ።

የጀመረውን ሌሎች ፈጸሙት። በ1939 ጎትሬ፣ ኖቤኩርና ዋይት የተክል ሕብረ ሕዋስን ያለማቋረጥ ማሳደግ ቻሉ። ሐበርላንት ይህን ዘመን ደርሶበት በጥር ወር 1945 በዘጠና ዓመቱ በርሊን ውስጥ ዐረፈ። በ1957 ስኩግና ሚለር በሁለት ሆርሞኖች ምጣኔ ሥር ወይም ቡቃያ ማስወጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1958 ስቴዋርድና ባልደረቦቹ፣ ከፅንስ ምግብ ወገን የሆነውን የኮኮናት ውኃ ተጠቅመው፣ በፈሳሽ ውስጥ ካደጉ የካሮት ሴሎች ተክል አገኙ። በ1965 ደግሞ ቫሲልና ሂልዴብራንት ብቻዋን ከተለየች አንዲት የትምባሆ ሴል ሙሉ ተክል አበቀሉ። የ1902ቱ ጥያቄ ከ63 ዓመት በኋላ ምላሽ አገኘ።

ዛሬ በአገራችንም የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ችግኞች በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ይባዛሉ። ችግኙን የሚረከበው ገበሬ የሐበርላንትን ስም ባይሰማም የድካሙ ተካፋይ ነው። እኛ ባለሙያዎች ግን ልንዘነጋው አይገባም። ያልሰመረ ሙከራ ከነምክንያቱ በጥንቃቄ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ ተከታዩ ትውልድ ሥራውን የሚጀምርበት መሠረት ይሆናል፤ በመሳቢያ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ ግን ሌላው ሰው ያንኑ ድካም እንደገና ይደክማል።