የጥላ ሠዓሊዋ ሎተ ራይኒገር

ተማሪዎች ሆይ፥ ጥላ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ብርሃን በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከበስተጀርባው የሚወድቀው ጥቁር ቅርጽ ነው፤ ሁለተኛው ከፀሐይ የምንጠለልበት ቀዝቃዛ ስፍራ ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በበበቃና በዙሪያቸው ባሉት የደቡብ ምዕራብ የቡና አገሮች ያደጋችሁ እንደ ሆነ ሁለተኛውን ትርጉም ከሌላው ሰው ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በዚያ ቡናው ከዋንዛ፣ ከሳሳና ከብርብራ ሥር ይበቅላል። ጥላ የሌለው ቡና በአንድ ወቅት ከዐቅሙ በላይ አፍርቶ ቶሎ ይደክማል፤ ጥላ ያለው ግን ፍሬው በዝግታ ይበስላል፤ ዛፉም ዕድሜ ያገኛል። ስለዚህ ጥላ ለገበሬው የብርሃን ጉድለት ሳይሆን ሀብት ነው። ይህ ምንባብ ደግሞ ጥላን በመጀመሪያው ትርጉሙ ሀብቷ አድርጋ ስለ ኖረች አንዲት ሴት ይተርክላችኋል። ስሟ ሎተ ራይኒገር ይባላል። ሥራዋም ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ዛሬ በተለምዶ አኒሜሽን የምንለውን ፊልም ማዘጋጀት ነበር። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎተ ራይኒገር ጁን 2 ቀን 1899 ዛሬ የበርሊን ከተማ ክፍል በሆነችው በሻርሎተንቡርግ ተወለደች። ገና በልጅነቷ መቀስ ከእጇ አይለይም ነበር። ሌሎች ልጆች በእርሳስ የሚሥሉትን ሰውና እንስሳ እርሷ አስቀድማ ሳትነድፍ ከወረቀት ላይ ቆርጣ ታወጣው ነበር። ከጥንት ጀምሮ በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች የታወቀው የጥላ ቲያትር ልቧን ስለ ማረከው፣ በቤቷ ውስጥ መጋረጃ ዘርግታ ከበስተኋላው መብራት እያበራች ለቤተሰቧና ለጓደኞቿ ታሳይ ጀመር። ከነዚህም መካከል የሼክስፒር ተውኔቶች ይገኙ ነበር።

በ1915 ፓውል ቬገነር የተባለው ታዋቂ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ስለ ሲኒማ የሰጠውን ንግግር የመስማት ዕድል አጋጠማት። የንግግሩ ፍሬ ነገር ካሜራ በቲያትር መድረክ ላይ ሊታይ የማይችለውን ተአምራዊ ነገር ሁሉ ሊያሳይ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ወጣቷ ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ነገር አላሰበችም። ወላጆቿን ለምና ቬገነር ወደሚሠራበት ወደ ማክስ ራይንሃርት የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች። ሆኖም ለታላላቆቹ ተዋንያን ራሷን ለማስተዋወቅ የመረጠችው መንገድ ወሬ ማብዛት ወይም ደጅ መጥናት አልነበረም። ከመድረኩ ጥግ ቆማ፣ እነርሱ ሲተውኑ እያየች፣ መልካቸውንና አቋማቸውን ከጥቁር ወረቀት ትቆርጥ ነበር። ሥራዋ ስለ እርሷ ተናገረላት። በ1918 ቬገነር አይጦችን በዋሽንት ከከተማ ስላስወጣው ሰው የሚተርከውን ፊልም ሲያዘጋጅ የጽሑፍ ማስጌጫዎቹን እንድትሠራ አደረጋት። በዚሁ ፊልም እውነተኞቹ እንስሳት አልታዘዝ ስላሉ ከእንጨት የተቀረጹ አይጦችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ማንሣት ግድ ሆነ፤ በዚህም ሥራ ሎተ ተካፍላለች። ግዑዝ ነገር በካሜራ ፊት ሕይወት ሲዘራ በእጇ የሞከረችው በዚህ ጊዜ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1919 በበርሊን የባህል ምርምር ተቋም ውስጥ የመጀመሪያዋን አጭር የጥላ ፊልም ሠራች። በዚያው ተቋም የተዋወቀችውን ካርል ኮኽን በ1921 አገባች። ከዚያ ወዲያ እርሱ ካሜራውንና የሥራውን አመራር ሲይዝ፣ እርሷ መቀሱንና ምስሎቹን ይዛ እስከ ዕለተ ሞቱ አብረው ሠሩ።

አሠራሯ እንዴት እንደ ነበር መረዳት ይጠቅማችኋል። ዓይናችን ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ባየ ጊዜ እንደ አንድ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል። ሎተ ሰውን ወይም እንስሳን ከጥቁር ካርቶንና ከስስ የእርሳስ ቆርቆሮ ትቆርጣለች፤ አንገቱን፣ ክንዱን፣ ጉልበቱን ለየብቻ አውጥታ መገጣጠሚያው ላይ በቀጭን ሽቦ ታያይዘዋለች። ምስሉን ከሥሩ መብራት በበራበት መስተዋት ላይ ታስተኛዋለች። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ይመለከታል። አንድ ሥዕል ይነሣል፤ ክንዱ ጥቂት ይነካል፤ ሌላ ሥዕል ይነሣል። በዛሬው የሲኒማ ልክ ለአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያስፈልጋል፤ ለአሥር ደቂቃ ፊልም 14,400 ይሆናል። በቡና ለቀማ ጊዜ ከአንዱ ቅርንጫፍ ቀዩን ፍሬ ብቻ እየመረጠ፣ አረንጓዴውን ለሌላ ቀን እየተወ፣ ቅርጫቱን በዝግታ የሚሞላውን ሰው አይታችሁ ከሆነ የዚህችን ሴት ትዕግሥት ለመገመት አትቸገሩም።

በ1923 በጀርመን የገንዘብ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ነበር። ሉዊስ ሃገን የሚባል አንድ የባንክ ባለቤት ገንዘቡ ከንቱ እንዳይቀር ብሎ ብዙ ያልተነሣበት የፊልም ጥቅል ገዝቶ ነበርና በዚህ ጥቅል ረጅም የጥላ ፊልም እንድትሠራ ሐሳብ አቀረበላት። በዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለጥቂት ደቂቃ ማሳቂያ እንጂ ለረጅም ታሪክ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ባልና ሚስቱ ግን ተስማሙ። የሥራው ስፍራ በፖትስዳም ከሃገን ጋራዥ በላይ ያለው የጣሪያ ሥር ክፍል ሆነ። ክፍሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ ሎተ በአሮጌ የመኪና መቀመጫ ላይ ተንበርክካ ነበር የምትሠራው። ቫልተር ሩትማን የአስማቱን ብልጭታና ጭስ፣ በርቶልድ ባርቶሽ የባሕሩን ማዕበል ሠሩላት፤ ቮልፍጋንግ ዜለር ሙዚቃውን ደረሰ። ምስሎቹን በተደራረቡ መስተዋቶች ላይ አራርቀው በማስቀመጥ፣ ቅርቡ ከሩቁ እንዲለይ አደረጉ። ይህን የመሰለ ዘዴ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በላቀ መሣሪያ የተጠቀመበት በ1930ዎቹ ነው።

ከሦስት ዓመት ድካም በኋላ በሺህ ከአንድ ሌሊት ተረቶች ላይ የተመሠረተው «የልዑል አሕመድ ጀብዱ» ተፈጸመ። የአንድ ሰዓት ያህል ርዝመት ላለው ለዚህ ፊልም ወደ 250,000 የሚጠጉ ሥዕሎች ተነሥተው ከመካከላቸው 96,000 ያህሉ ብቻ እንደ ተመረጡ ይነገራል። በመጀመሪያ ፊልሙን ለማሳየት የሚደፍር ሲኒማ ቤት ባለመገኘቱ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው እንግዶችንና ጋዜጠኞችን ጠርተው ሜይ 2 ቀን 1926 እሑድ በበርሊን ፎልክስቢውነ ቲያትር አሳዩት። ከዚያም በፓሪስ ታየ፤ ታላቁ የፈረንሳይ የፊልም አዘጋጅ ዣን ረኗርም የባልና ሚስቱ ወዳጅ ሆነ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው ይህ ነው። በረዶዬዋ የተባለችው የዲዝኒ ፊልም የመጣችው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1937 ነበር።

ሎተ ከዚህ በኋላ ወደ ወደደችው ወደ አጭር ፊልም ተመለሰች። በ1928 የዶክተር ዱሊትልንና የእንስሳቱን ታሪክ፣ በ1933 «ካርመን»ን፣ በ1935 በሞዛርት ሙዚቃ ላይ የተመሠረተውን «ፓፓጌኖ»ን ሠራች። ነገር ግን በ1933 ናዚዎች የጀርመንን መንግሥት ይዘው ነበር። ብዙ አይሁዳውያን ወዳጆች የነበሯት ሎተ በዚህ አገዛዝ ሥር መኖር ስላልፈለገች በ1930ዎቹ አጋማሽ ከባሏ ጋር አገሯን ለቀቀች። ይሁን እንጂ በቋሚነት የሚቀበላቸው መንግሥት አላገኙም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ባለቀ ቁጥር ከለንደን ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ሮም እየተዘዋወሩ ኖሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልልቅ አዳራሽና ብዙ ሠራተኛ የሚፈልግ የፊልም ባለሙያ አገሩን ሲለቅ ሙያውን ጥሎ ይሄዳል። የሎተ ሙያ ግን ከአንድ መቀስና ከጥቂት ወረቀት ጋር በሻንጣ የሚገባ ነበር። በየደረሰችበት ሠራች። በለንደን ለእንግሊዝ የፖስታ መሥሪያ ቤት የፊልም ክፍል አጭር ፊልም አዘጋጀች፤ በፈረንሳይ ደግሞ ረኗር በ1938 ላወጣው «ላ ማርሴዬዝ» ለተባለ ፊልም የጥላ ትርኢት ሠራችለት።

ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የእናቷ መታመም ወደ በርሊን እንድትመለስ አስገደዳት። ለማምለጥ ዓመታት ሙሉ ከተንከራተተችበት አገር የልጅነት ግዴታዋ መለሳት። በ1945 በበርሊን ላይ በወረደው የቦምብና የመድፍ ናዳ የ«ልዑል አሕመድ» ዋናው ፊልም ጠፋ። የሦስት ዓመት የተንበረከከ ድካም በአንድ ጊዜ ዐመድ ሆነ ማለት ነው። ደግነቱ ከዋናው የተባዛ አንድ ቅጂ በለንደን የፊልም ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ነበር። ዛሬ የምናየው ፊልም ከዚያ ቅጂ የተገኘ ነው፤ በ1999ም ጀርመኖች የቀድሞ ቀለሙን መልሰውለት በሚገባ አደሱት።

በ1949 ባልና ሚስቱ ለንደን ሄደው ሰፈሩ። በ1953 የዚያ የባንክ ባለቤት ልጅ ሉዊስ ሃገን ከሎተ ጋር ፕሪምሮዝ የተባለ ትንሽ የፊልም ድርጅት መሠረተ። ያንጊዜ ቴሌቪዥን እየተስፋፋ ነበርና ድርጅቱ የግሪም ወንድማማቾችን ተረቶች በአጫጭር የጥላ ፊልሞች እያዘጋጀ ለቴሌቪዥን ያቀርብ ጀመር። ስለ ጎበዙ ትንሽ ልብስ ሰፊ የሚተርከው ፊልሟ በ1955 በቬኒስ ሽልማት አገኘ።

በ1963 ካርል ኮኽ ሞተ። አርባ ዓመት አብሯት ካሜራውን የያዘው ሰው ሲለያት ሎተ ለብዙ ጊዜ ከፊልም ራቀች። ቢሆንም ዕውቀቷን ይዛ አልተቀመጠችም፤ በ1970 ስለ ጥላ ቲያትርና ስለ ጥላ ፊልም አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። በ1972 አገሯ በጀርመን የፊልም ሽልማት አከበረቻት። ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ካናዳ ድረስ ተጋብዛ «ኦካሴንና ኒኮሌት»ን በ1975፣ «ጽጌረዳውና ቀለበቱ»ን በ1979 ሠራች። ከ40 የሚበልጡ ፊልሞችን ትታ ጁን 19 ቀን 1981 በጀርመን አገር በዴተንሃውዘን በ82 ዓመቷ ዐረፈች።

ከዚህች ሴት ሕይወት ምን እንማራለን? በራስ መቆም ማለት ብቻን መቆም ማለት አይደለም። ባሏ፣ ወዳጆቿና የባንኩ ባለቤት ባይኖሩ ኖሮ ብዙው ሥራዋ ባልተፈጸመ ነበር። በራሷ የቆመችው መሣሪያዋ ትንሽ፣ በመሣሪያው ያላት ችሎታ ግን ትልቅ ስለ ነበረ ነው። አገዛዝ ከአገር ሊያስወጣት ቻለ፤ ከሙያዋ ግን ሊያስወጣት አልቻለም። ለዚህም ነፃነት የከፈለችው ዋጋ ሀብት ሳይሆን ዕድሜ ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፥ የእናንተ መሣሪያ ደግሞ ብዕርና ወረቀት ነው። ሎተ በፊልሟ ውስጥ አንዲት ትርፍ ደቂቃ ብታስገባ 1,440 ጊዜ ምስሉን መነካካት ግድ ይሆንባት ነበር፤ ስለዚህ የማይጠቅም ነገር አታስገባም። እናንተም ድርሰት ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ይህን ያህል ዋጋ የምትከፍሉ መስሎ ይሰማችሁ። እንግዲህ ከአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሰማችሁትን አንድ ተረት ምረጡ። ተረቱ በጥላ ፊልም የሚታይ ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው? ቀጥሎስ ምን ይመጣል? ከመካከሉ ቢወጣ ታሪኩን የማያጎድለው የቱ ነው? ይህን ለይታችሁ ካወቃችሁ በኋላ ብዕራችሁን አንሡ።