ሐኪሙ ያልተቀበሉት የሞት ምክንያት

አጎቴን ከመንዝ በመኪና ጭነን ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድነውና ሆዱ ተቀደደ። ኦፕራሲዮኑ ደህና አለቀ ተባልን። በሦስተኛው ቀን ማታ ሆዱ ተነፋ፤ ትኩሳቱ ነደደ። ሚስቱ ሐኪም ጥሩልኝ እያለች ሌሊቱን አነጋች። ሐኪም የመጣው ጠዋት በዙር ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ሬሳውን ስንረከብ የተነገረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኦፕራሲዮኑ መዘዝ ነው። ሌሊቱን ተረኛው ማን ነበር፣ ትኩሳቱንስ የለካ ሰው ነበረ ወይ ብለን ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን አላገኘንም።

ይህንን ቃል በሰማሁ ቁጥር ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ትዝ ይሉኛል። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በፖለቲካው ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ሐኪሙን አሥራት ማንሳት እፈልጋለሁ።

የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲሆን በልጅነታቸው ድሬዳዋም ኖረዋል። አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ በግራዚያኒ ላይ የተጣለውን ቦምብ ተከትሎ ፋሺስቶች ከፈጇቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ልጁ ከነፃነት በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም እስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። ሕክምናን ያጠኑት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀዶ ሕክምናንም እዚያው ስኮትላንድ ሠልጥነው ተመለሱና በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ በኋላም ዲን ሆነዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የግል ሐኪም ነበሩ።

የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ ወደ መንዝ ይደርሳል፤ የአባታቸው የራስ መኮንን አባት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል የመንዝ ዶባ ሰው ነበሩ። ለዚህም ይሆናል የሞታቸው ነገር እኛ አገር እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ሲወራ የኖረው።

ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ሬዲዮ ንጉሠ ነገሥቱ በዋዜማው ማረፋቸውን ተናገረ። አሽከራቸው አልጋቸው ላይ ሞተው አገኛቸው ተባለ። ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት የተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና መዘዝ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሐኪማቸው አሥራት ግን ይህንን አልተቀበሉም። ከቀዶ ሕክምናው የመጣ መዘዝ አልነበረም አሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈራው ደም መፍሰስ፣ የሽንት መታፈን፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ወይም እግር ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ መዝጋቱ ነው። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ይታያል፤ ምልክትም አለው፤ በሽተኛው ካርድ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ መዘዝ የሚባለው ነገር ምስክር የሌለው አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ በድንገት የመጣ ነው ሲባል ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ካርድ ነው። በዚያ ዘመን ግን የደርግን መግለጫ አልቀበልም ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነበር፤ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ከተረሸኑ ገና ዓመት አልሞላም። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስም ታንቀው ተገደሉ የሚል ነበር።

አሥራት ሌላውንም መንግሥት እሺ አላሉም። በሰኔ 1983ቱ ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ በ1984 ዓ.ም. መላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መሩ፤ በ1985 ዓ.ም. ከተባረሩት 42 የዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ያደረጉት ንግግር የክስ ምክንያት ሆኖ በ1986 ዓ.ም. በሌላ ክስ በተፈረደባቸው እስር ላይ ሌላ እስር አስጨመረባቸው።

እስር ቤት ውስጥ ልባቸው ታመመ፤ ዓይናቸው ደከመ። በ1990 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ ጥቁር አንበሳ ገቡ። ሐኪም ሲያፈሩ የኖሩበት ሆስፒታል በዘበኛ የሚጠበቁበት ሆነ። ልብ እንደ ሐኪም ዙር ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ውጭ ሄደው በልዩ ሐኪም እንዲታዩ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን ጨምሮ ብዙዎች ቢወተውቱም ወራቱ እንዲሁ አለፉ። ይህንን የሆስፒታሉ ጥፋት ብዬ አልጽፍም፤ በር የሚከፍተው ሐኪሙ አልነበረምና። የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነው። አምስት ወር ሳይሞላ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። በሽታው ገደላቸው ወይስ መዘግየቱ? እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ለካርዱ ሲሉ የተከራከሩት ሐኪም ግን በራሳቸው ጉዳይ መስካሪ መሆን አልቻሉም።

አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ ብዙ ሕዝብ ቀበራቸው። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ሐኪማቸው ያንን ቀን አላዩም።