ደመወዙን ትቶ ባሕርን የመረጠ
የአንሪ ደ ሞንፍሬድ ሕይወት በጅቡቲና በቀይ ባሕር

የሰው ልጅ እንጀራውን የሚያገኝበት ሥራና ልቡ የሚወደው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ሆነው አይገጥሙለትም። አብዛኛው ሰው እንጀራውን ይዞ ልቡን ያስታግሣል፤ ጥቂቶች ግን ልባቸውን ተከትለው ይወጣሉ። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ በጅቡቲ፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤና በድሬዳዋ ስሙ እጅግ የታወቀው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነበረ። ታሪኩ የሚደነቅም የሚነቀፍም ክፍል ስላለው ሁለቱንም ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞንፍሬድ በ1879 በደቡብ ፈረንሳይ፥ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ላ ፍራንኪ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊ ሲሆን፥ የገንዘብ ገበያ ሥራውን ለሥዕል ሲል የተወው የፖል ጎጋን የልብ ወዳጅ ነበረ። ጎጋን ከሩቅ ደሴቶች የሚልካቸውን ሥዕሎች የሚረከብና ገዢ የሚፈልግለት ይኸው አባት ነበረ። ስለዚህ ሕፃኑ አንሪ ያደገው፥ ሰው ለሚወደው ሥራ ሲል ምን ያህል ሊቸገር እንደሚችል ዕለት ዕለት በሚሰማበት ቤት ነው። የአባቱን የሸራ ጀልባ መንዳትም የተማረው ገና በልጅነቱ ነበረ።

ጕልማሳ በሆነ ጊዜ ግን ኑሮው ከባሕር አራቀው። ወደ ታላቁ የመሐንዲስ ትምህርት ቤት ለመግባት ሞክሮ ስላልተሳካለት፥ ቡና እያዞረ ሸጠ፤ በወተት ኩባንያ ተቀጠረ፤ ኋላም የራሱን የወተት ንግድ ቢያቆም በሽታና ኪሣራ አንድ ላይ መጡበት። ዕድሜው ሠላሳ ካለፈ በኋላ በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም።

በ1911 ጅቡቲ ወረደ። ይህች የወደብ ከተማ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች፤ የፈረንሳይ መንግሥት መቀመጫውን ከኦቦክ ወደዚህ ካዛወረ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበረ። የምድር ባቡሩም በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ፥ ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ የሐረርጌና የመካከለኛው አገር ቡና፥ ቆዳና ሰም በግመልና በበቅሎ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ፥ ተመዝኖና ተለይቶ በባቡር ወደ ወደብ ይወርድ ነበረ። የፈረንሳይ፥ የግሪክ፥ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች በዚህ ንግድ ይሻሙ ነበረ። ሞንፍሬድም ከንግድ ቤቶቹ በአንዱ ቡናና ቆዳ ገዢ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራው ክፉ ሥራ አልነበረም። ደመወዙ በወሩ ይከፈላል፤ ትጉህ ወኪል ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱን መጋዘን ሊከፍት ይችላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገው ከብረዋል። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። ነገር ግን ሞንፍሬድ የሚዛኑንና የመዝገቡን ሥራ ሲያከናውን ልቡ ከዚያ አልነበረም። በትርፍ ጊዜው ከሱማሌና ከዳናክል ሰዎች ጋር ይቀመጣል፤ ቋንቋቸውን ያጠናል፤ ምግባቸውን ይበላል። ከነጮች ክበብ መራቁ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ ሐሜት አተረፈለት። ወደ ጅቡቲ በወረደ ቍጥርም ዓይኑ የሚያርፈው በመጋዘኖቹ ላይ ሳይሆን ከየመንና ከታጁራ በሚመጡት ሳምቡኮች ላይ ነበረ።

ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሠራ ደመወዙን ትቶ የራሱን ጀልባ ይዞ ወደ ባሕር ወጣ። ይህን ባደረገ ጊዜ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋ ነበረ፤ ትዳርም ይዞ ነበረ። የወጣት ድፍረት ነው ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። አርምጋርት የምትባለው በትውልድ ጀርመናዊት የሆነችው ሚስቱ ከአውሮፓ መጥታ፥ መንግሥት ለቅቋት ጭር ባለችው በኦቦክ ከሙቀቱና ከብቸኝነቱ ጋር ኖራለች። የባሏ ምርጫ ዋጋ በመጀመሪያ የተከፈለው በእርሷ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በመጀመሪያ የያዘው የዕንቍ ንግድ ነበረ። ስለዚህም ወደ ምጽዋና ወደ ዳህላክ ደሴቶች ይመላለስ ነበረ። ይህ ንግድ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ሒሳቡ ግን መራራ ነው። ነጋዴው ለናኹዳው፥ ማለት ለሳምቡኩ አዛዥ፥ አስቀድሞ ብር ያበድራል፤ ናኹዳውም ለጠላቂዎቹ እህልና ቀብድ ይሰጣል። ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ ሲወርድና ሲወጣ ከርሞ፥ በወቅቱ መጨረሻ ድርሻው ከዕዳው ካነሰ ቀሪው ለከርሞ ይተላለፋል። ለአዝራር መሥሪያ የሚሆነው ሰደፍ በሚዛን ስለሚሸጥ ጥቂት ቢሆንም የታወቀ ገቢ አለው፤ ዕንቍ ግን ዕጣ ነው፤ ሺህ ሰደፍ ተከፍቶ ምንም ላይገኝ ይችላል። ሞንፍሬድ የታወቀውን ደመወዝ በዚህ ዕጣ ለወጠ። እንደ አገሩ መርከበኛ ሽርጥ ታጥቆ፥ ባዶ እግሩን እየሄደ፥ በኋላም እስልምናን ተቀብሎ ዐብድ አል-ሐይ ተባለ።

የሚወደው ሥራ ብቻውን ግን ቤት አልመራለትም። ስለዚህ ጠብመንጃ ወደ መጫን ተሻገረ። በጅቡቲ ገበያ የተገዛውን መሣሪያ በሌሊት በባብ ኤል መንደብ በኩልና በዳናክል ጠረፍ ማድረስ ሲጀምር፥ ከእንግሊዝ ዘበኛ መርከቦችም ከራሱ አገር ሹማምንትም ጋር ተጣላ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመንም በጅቡቲ ታሰረ። በ1915 ደግሞ ከግሪክ አገር ሐሺሽ ገዝቶ በቀይ ባሕር አዙሮ ወደ ግብጽ አስገባ። በጻፋቸው መጻሕፍት ይህን ሁሉ እንደ ጀብዱ ያወራዋል፤ ነፋሱን፥ ኮከቡን፥ ከዘበኛ ማምለጡን በሚያስደንቅ ጥራት ይገልጻል። ጠብመንጃው በማን ላይ እንደ ተተኮሰ፥ ሐሺሹም የማንን ቤት እንዳፈረሰ ግን እምብዛም አይጠይቅም። የነጻነት ፍቅሩ እውነተኛ ነበረ፤ የነጻነቱን ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይከፍልለት ነበረ።

የሚገርመው፥ ገንዘብ በእጁ ሲገባ መልሶ ያኖረው በየብስ ላይ መሆኑ ነው። በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮና የመብራት ኃይል ማመንጫ ነበረው፤ በሐረር አቅራቢያም ቤት ሠራ። ደመወዝ ጠልቶ የሸሸው ሰው በዚያችው በሸሻት ከተማ ሠራተኛ ቀጣሪ ሆነ። ሆኖም አልታኢር የምትባለውን የሸራ መርከቡን አልተዋትም። ካህኑና የምድር ጥናት ሊቁ ቴያር ደ ሻርደን በዚያ ዘመን ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ የእርሱ እንግዳ ነበረ።

በ1930 ዦዜፍ ኬሴል የተባለው ጋዜጠኛ ለፓሪሱ ጋዜጣ ለማተን ስለ ባሪያ ንግድ ሊጽፍ መጥቶ ሞንፍሬድን አገኘው። ታሪኩን ከሰማ በኋላ ራሱ እንዲጽፈው አደፋፈረው። በሚከተለው ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ምስጢር የሚናገረው የመጀመሪያ መጽሐፉ ታተመና በአንድ ጊዜ ስመ ጥር ሆነ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃምሳ አልፎ ነበረ። ባሕሩ በጥሬ ገንዘብ ያልሰጠውን በቀለም ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ የጻፋቸው መጻሕፍት በብዙ ዐሥር ይቈጠራሉ።

ነገር ግን ያው ብዕር ድሬዳዋን አሳጣው። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚጽፈው ነቀፌታ የበዛበት ሆኖ በ1933 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ፤ ወፍጮውንና ቤቱን ትቶ ሄደ። ቂሙንም አልረሳም። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ከወራሪው ወገን ቆሞ ጻፈ፤ ከጦሩም ጋር ተመለሰ። ሃያ ዓመት እንጀራውን በበላበት አገር ላይ፥ አብረውት በበሉ ሰዎች ላይ ያደረገው ይህ ነገር በማናቸውም የባሕር ጀብዱ የሚሸፈን አይደለም። ራሱን የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም ብሎ የኖረ ሰው በመጨረሻ የወራሪ አወዳሽ መሆኑን አንባቢዎቹ ሁሉ አያውቁትም።

ኢጣልያ ድል ከሆነች በኋላ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት። በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና በመካከለኛው አገር፥ ከባሕር እጅግ በራቀችው በኤንግራንድ መንደር ተቀመጠ። እዚያም ይጽፋል፤ እንደ አባቱም ይሥላል፤ ሥዕሎቹም አብዛኛውን ጊዜ የታጁራ ዳርቻና ሳምቡኮች ነበሩ። በ1958፥ ሰማንያ ሊሞላው ሲል፥ በሕንድ ውቅያኖስ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ጠፋ ተብሎ ከተፈለገ በኋላ በሕይወት ተገኘ።

አንሪ ደ ሞንፍሬድ በታኅሣሥ 1974 በዘጠና አምስት ዓመቱ በኤንግራንድ ሞተ። ከኢትዮጵያ ያስወጡት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበረ።